የማንበብ ትምህርት በአፋር፤ ከመጽሐፉ በፊት መምህሩን ማዘጋጀት

በሀገራችን ባለፉት ሦስት አሥርት ዓመታት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን ለማዳረስ የተከናወነው ሥራ ቀደም ሲል የትምህርት ዕድል ያልነበራቸውን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ አቅርቧል። ይሁን እንጂ በትምህርት ገበታ ላይ መገኘትና ማንበብ መቻል አንድ አለመሆናቸው በተደጋጋሚ በተካሄዱ ምዘናዎች ታይቷል። በ2002 ዓ.ም. በስድስት የሀገር ውስጥ ቋንቋዎች የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ክህሎት ምዘና እንዳመለከተው ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ፣ ከ3ኛ ክፍል ተማሪዎች ደግሞ 20 በመቶ የሚሆኑት ለደረጃቸው ከተዘጋጀው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳን ማንበብ አልቻሉም። ከምንባቡ ለወጡ ጥያቄዎች አንድም ትክክለኛ መልስ መስጠት ያልቻሉት በ2ኛ ክፍል 48 በመቶ፣ በ3ኛ ክፍል 30 በመቶ ነበሩ። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ኢትዮጵያ ባወጣው መግለጫም የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቂያ ዕድሜ ላይ ከደረሱት ሕፃናት 90 በመቶ የሚሆኑት ቀላል ጽሑፍ አንብበው የመረዳት ችሎታ እንደሌላቸው ገልጿል።

አኃዞቹ ስለ አፋር የሚነግሩን በተዘዋዋሪ ብቻ ነው። በ2002 ዓ.ም. ምዘና ከተካሄደባቸው ስድስት ቋንቋዎች መካከል አፋርኛ አልነበረም። ምዘናውን ተከትሎ በአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት ድጋፍ የመማሪያ መጻሕፍትና የመምህራን ሥልጠና የተዘጋጀባቸው ሰባቱ ቋንቋዎችም አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ እና ሀዲይኛ ነበሩ። ድጋፍ ሰጪው ድርጅት ራሱ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ሥራውን አቁሟል። ስለሆነም በሌሎች አካባቢዎች የተገኘውን ልምድ ወስዶ ከአፋርኛ ጋር የማጣጣሙ ኃላፊነት በዋናነት በክልሉ የትምህርት መዋቅር፣ በመምህራን ትምህርት ተቋማትና በክልሉ በጀት ላይ የሚያርፍ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ ትኩረት የሚያደርገው ሥራው ከየት ሊጀመር ይገባል በሚለው ጥያቄ ላይ ነው።

ጥያቄውን በተጨባጭ ለማየት የአዋሽን ሸለቆ ተከትለው የሚገኙትን ሁለት ከተሞች፣ አዋሽ ሰባት ኪሎንና ሰመራን መመልከት ይጠቅማል። አዋሽ ሰባት ኪሎ ከባቡር ሐዲዱ ጋር የተቆረቆረች፣ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና ሌላውም ተቀላቅሎ የሚኖርባት የመተላለፊያ ከተማ ናት። በአንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ የ1ኛ ክፍል ተማሪዎች ከቤታቸው ይዘውት የሚመጡት ቋንቋ ሁለትና ሦስት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ተነስቶ በገዋኔና በሚሌ በኩል ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚደረስባት ሰመራ ደግሞ ከአሳይታ ቀጥላ የክልሉ ርዕሰ ከተማ የሆነችና በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት። ከሰመራና ከአጎራባቿ ሎጊያ ወጣ እንዳሉ ያሉት አርብቶ አደር ቀበሌዎች ግን ሕፃኑ ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ ከአፋርኛ ሌላ የማይሰማባቸው ናቸው። ሁለቱም ዓይነት ክፍሎች የሚያስፈልጋቸው ማንበብ ማስተማር የሚችል መምህር ነው፤ ዝግጅቱ ግን አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም።

የአፋርኛ የጽሑፍ ታሪክ ለዚህ ጉዳይ ቀጥተኛ ትርጉም አለው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተካተቱት 15 ቋንቋዎች አንዱ አፋርኛ ሲሆን፣ በወቅቱ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1960ዎቹ ዲሚስና ሬዶ በሚል ስም የሚታወቁት የአፋር ምሁራን በላቲን ፊደል ላይ የተመሠረተ የአጻጻፍ ሥርዓት አዘጋጅተው ነበርና፣ በኋላ ላይ በትምህርት ሥራ ላይ የዋለው ይኸው «ዐፋር ፌራ» የተባለው ሥርዓት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ወሰነ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም ለቋንቋዎች ሁሉ እኩል ዕውቅና ሰጠ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ ደግሞ አፋርኛ ከአፋን ኦሮሞ፣ ከሶማሊኛና ከትግርኛ ጋር ተጨማሪ የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆን አቅጣጫ አስቀምጧል። በተግባር ግን በክልሉ መደበኛ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ዓመታት የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኖ የቆየው አማርኛ ሲሆን፣ አፋርኛ ቀድሞ ሥፍራ ያገኘው በአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ጣቢያዎች ነው። ስለዚህ ዛሬ በአፋርኛ ማንበብ እንዲያስተምር የሚመደበው መምህር አብዛኛውን ጊዜ ራሱ በአፋርኛ ማንበብ ሳይማር ያደገ ሰው ነው። ከዚህ አንጻር ችግሩ ከፈቃደኝነት ማነስ የሚመነጭ አይደለም፤ ከዝግጅት የሚመነጭ ነው።

ዝግጅት ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የሕዝቡ ስም ራሱ በቂ ምሳሌ ይሆናል። በአፋርኛ አጻጻፍ «ዐፋር» የሚለው ቃል የሚጀምረው እንግሊዝኛ «ኪው» ብሎ በሚጠራው ፊደል ነው። ይህ ፊደል በአፋርኛ የሚወክለው ከጉሮሮ የሚወጣውን፣ በግዕዝና በትግርኛ «ዐ» የሚሰማውን ድምፅ ነው። «ሲ» የተባለው ፊደል «ሐ»ን፣ «ኤክስ» የተባለው ደግሞ ምላስ ወደ ላንቃ ታጥፎ የሚነገረውን የ«ደ» ዓይነት ድምፅ ይወክላሉ። በአፋን ኦሮሞ እነዚሁ ፊደላት ሌሎች ድምፆችን ይወክላሉ፤ «ኪው» እዚያ «ቀ»፣ «ኤክስ» ደግሞ «ጠ» ነው። በእንግሊዝኛ ብቻ የላቲንን ፊደል ያወቀ መምህር የሕዝቡን ስም በ«ክ» ድምፅ ጀምሮ ቢያነብ ሊደንቅ አይገባም። አማርኛ ተናጋሪው መምህር በበኩሉ «ሀ»ን ከ«ሐ»፣ «አ»ን ከ«ዐ» በጽሑፍ እንጂ በንግግር ስለማይለይ፣ ሕፃናቱ አጥርተው የሚለዩዋቸውን ድምፆች ለመስማት ጆሮውን ማሠልጠን ይኖርበታል።

ጉዳዩ በፊደላት ብቻ አያበቃም። በአፋርኛ የአናባቢ መርዘምና የተነባቢ መጥበቅ ትርጉም ይለውጣሉ፤ በጽሑፍም ፊደሉን በመደጋገም ይገለጻሉ። የድምፅ አነሳስም ትርጉም ይለያል። ለአብነት «ባዻ» የሚለው ቃል የመጀመሪያው ክፍል ጎላ ተደርጎ ሲነገር ወንድ ልጅን፣ የመጨረሻው ክፍል ጎላ ተደርጎ ሲነገር ሴት ልጅን ያመለክታል። ቃሉን ከጽሑፍ ላይ አንስቶ በትክክል ለማሰማት መምህሩ ቋንቋውን ማወቅ ብቻ ሳይሆን፣ ድምፁን ነጥሎ የማሳየት ሙያዊ ክህሎት ሊኖረው ይገባል። ይህ ክህሎት የአፍ መፍቻ ቋንቋው አፋርኛ ለሆነው መምህርም ቢሆን በሥልጠና እንጂ በትውልድ የሚገኝ አይደለም።

በዘርፉ የተካሄዱ ጥናቶች በስፋት እንደሚስማሙበት ማንበብን ማስተማር አምስት ነገሮችን ያካትታል። እነሱም በቃል ውስጥ ያሉትን ድምፆች ለይቶ መስማት፣ ድምፅን ከፊደል ጋር ማዛመድ፣ አቀላጥፎ ማንበብ፣ የቃላት ሀብትን ማዳበርና አንብቦ መረዳት ናቸው። በአፋርኛ ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአንጻራዊነት ቀላል ሊሆኑ ይችላሉ። አፋርኛ የሚጻፍባቸው ፊደላት 22 ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ ፊደል የሚወክለው ድምፅ በአብዛኛው የተወሰነ ነው። አማርኛ የሚማር ሕፃን ግን ከ33 ፊደላት የሚነሱትን 231 ቅርጾች ማወቅ ይጠበቅበታል። በሚገባ የተዘጋጀ መምህር ካለ የአፋር ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ቃላትን ማንበብ የማይጀምርበት ምክንያት የለም። ይኸው ቅለት ግን አደጋም አለው። ፊደሉን ቆጥሮ ቃሉን የሚያሰማ ሕፃን ትርጉሙን ሳይረዳ ያነበበ ሊመስል ይችላልና፣ ሦስቱን ቀሪ ነገሮች ያልሠለጠነ መምህር ጩኸቱን ንባብ አድርጎ ይወስደዋል።

የመምህራን ትምህርት ሥርዓታችን ይህን ክህሎት ምን ያህል አስተምሯል የሚለው ቀጣዩ ጥያቄ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተካሄደው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ ንድፈ ሐሳብን ከክፍል ልምምድ ጋር ለማቀናጀት ታስቦ የተነደፈ ነበር። ማሠልጠኛ ተቋማት ወደ ኮሌጅ ደረጃ አደጉ፤ ከ10ኛ ክፍል በኋላ በአንድ ዓመት ይሰጥ የነበረው የምስክር ወረቀት ሥልጠናም ቀስ በቀስ በሦስት ዓመት ዲፕሎማ ተተካ። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል የሚያስተምረው መምህር ሁሉንም የትምህርት ዓይነቶች እንዲይዝ ሆኖ መሠልጠኑ ግን የንባብ ማስተማር ዘዴ ከቋንቋ ኮርሶች መካከል እንደ አንድ ምዕራፍ ብቻ እንዲታይ አድርጓል። ዕጩ መምህሩ ስለ ቋንቋው ሰዋስው ብዙ ተምሮ፣ የሰባት ዓመት ሕፃን የመጀመሪያዋን ቃል እንዴት እንደሚያነብ ሳያይ ሊመረቅ ይችላል። በአፋር ይህ ክፍተት እጥፍ ነው፤ ዕጩው በሌላ ቋንቋ ሠልጥኖ በአፋርኛ እንዲያስተምር ይጠበቃልና።

ከዚህ በመነሳት በክልሉ ለሚሠለጥን የመጀመሪያ ክፍሎች መምህር ሦስት ብቃቶች መሠረታዊ ናቸው ማለት ይቻላል። አንደኛው መምህሩ ራሱ አፋርኛን አቀላጥፎ ማንበብና ያለ ስሕተት መጻፍ መቻሉ ነው። ሁለተኛው የቋንቋውን ድምፆች ሥርዓት ማወቁ ነው። ለዚህ የሚያገለግል መነሻ የለም ማለት አይቻልም፤ እ.ኤ.አ. በ1985 በለንደን የታተመውን የፓርከርና የሄይዋርድ የአፋርኛ መዝገበ ቃላት ከነሰዋስው ማብራሪያው መጥቀስ ይበቃል። ሦስተኛው በእውነተኛ የ1ኛ ክፍል ተማሪዎች ፊት፣ ልምድ ያለው መምህር እያየው፣ ደጋግሞ መለማመዱ ነው። ሦስተኛው ካልተሟላ የቀሩት ሁለቱ በወረቀት ላይ ይቀራሉ።

እዚህ ላይ ኃላፊዎች ሊሸሹት የማይገባ አንድ አስቸጋሪ ምርጫ አለ። ዲፕሎማ ያለው መምህር ቋንቋውን ላይችል ይችላል፤ ቋንቋውን አሳምሮ የሚችለው የአርብቶ አደሩ ልጅ ደግሞ ዲፕሎማ የለውም። በአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ጣቢያዎች የሚያስተምሩት አመቻቾች በአብዛኛው ከማኅበረሰቡ የተመለመሉ ናቸው። መቀመጫውን በሎጊያ ያደረገው የአፋር አርብቶ አደር ልማት ማኅበርም ከመንደር መንደር ከሚንቀሳቀሰው ሕዝብ ጋር አብረው የሚጓዙ መምህራንን በማሠልጠን በአፋርኛ ማንበብና መጻፍ ሲያስተምር ቆይቷል። እነዚህ ሰዎች ከውሃና ከግጦሽ ጋር የሚንቀሳቀሰውን ቤተሰብ ያውቃሉ፤ ሕፃኑ የሚናገረውን ይሰማሉ። የቅጥር መመዘኛው ግን አያውቃቸውም። የምስክር ወረቀትን ብቻ መለኪያ ማድረግ ቋንቋውን ከክፍል ያስወጣል፤ መለኪያውን ጨርሶ መተው ደግሞ የአርብቶ አደሩን ልጅ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መዳረግ ይሆናል። መፍትሔው በሁለቱ መካከል መንገድ መክፈት ነው፤ ልምድ ያላቸው አመቻቾች በአፋርኛ የንባብና የጽሑፍ ፈተና ተለይተው፣ የማሸጋገሪያ ትምህርት ተሰጥቷቸው በየደረጃው ወደ ኮሌጅ የሚገቡበትን ሥርዓት መዘርጋት። ይህ ጊዜና በጀት ይጠይቃል። በአንጻሩ ቋንቋውን የማይችል መምህር መድቦ በየዓመቱ ክፍል የሚያስደግም ወይም ትምህርት የሚያቋርጥ ሕፃን ማፍራትም የራሱ ወጪ አለው፤ ልዩነቱ ይህኛው ወጪ በበጀት መዝገብ ላይ አለመታየቱ ነው።

በአዋሽ ሰባት ኪሎ ዓይነት ከተሞች ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። በርካታ ወላጆች ልጆቻቸው አማርኛና እንግሊዝኛን ቶሎ እንዲይዙ ይፈልጋሉ፤ በመንገዱና በሐዲዱ ላይ ያለው ሥራ እነዚህን ቋንቋዎች እንደሚጠይቅ ያያሉና። ሥጋቱ የሚናቅ አይደለም። በትምህርት ሚኒስቴር ጥያቄ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2007 የቀረበው የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት ግን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩ ተማሪዎች በሌሎች የትምህርት ዓይነቶችም የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። ማንበብ አንድ ጊዜ የሚያዝ ክህሎት በመሆኑ፣ በሚሰማው ቋንቋ ማንበብን የያዘ ሕፃን ክህሎቱን ወደ ሁለተኛው ቋንቋ ያሻግረዋል። ይሁንና መሻገሩ በራሱ አይመጣም። የአፋር ሕፃን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሦስት ቋንቋዎችና ሁለት የፊደል ሥርዓቶች ይገጥሙታል፤ በአፋርኛ «ዐ» ብሎ ያነበበውን ፊደል በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ በሌላ ድምፅ እንዲያነብ ይጠየቃል። ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ መምህር ልዩነቱን ገልጾ ያስተምራል፤ የማያውቅ መምህር የሕፃኑን መደናገር ስንፍና አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለሆነም ለከተሞቹ የሚዘጋጅ መምህር በመጀመሪያው ሳምንት የእያንዳንዱን ተማሪ የቤት ቋንቋ ለይቶ የማወቅና ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው የማሸጋገር ሥልጠና ሊያገኝ ይገባል።

የክልሉ ተጨባጭ ሁኔታም ከግምት መግባት ይኖርበታል። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የአዋሽ ወንዝ ሞልቶ በርካታ ነዋሪዎችን አፈናቅሏል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በሰሜናዊው የክልሉ ክፍል ጦርነቱ ትምህርት ቤቶችን ጎድቷል። በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ አጋማሽ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቀያቸው አንስቷል፤ ድርቁም ተመላላሽ ነው። ሕንፃ ሲዘጋና መጽሐፍ ሲጠፋ ከሕዝቡ ጋር አብሮ የሚጓዘው የመምህሩ ዕውቀት ነው። በጠመኔና በጥቁር ሰሌዳ፣ ከዚያም ሲያንስ በአሸዋ ላይ በጣት እየጻፈ ድምፅንና ፊደልን ማዛመድ የሚችል መምህር በመጠለያ ጣቢያም ቢሆን ትምህርቱን ሊቀጥል ይችላል። አካባቢው የራሱ ሀብትም አለው። የአፋር ሕዝብ «ዳጉ» በሚባለው ሥርዓት መንገደኛ ከመንገደኛ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን በዝርዝር ይጠያየቃል፤ የሰማውንም ሳያዛባ የማስተላለፍ ኃላፊነት አለበት። በትኩረት ማዳመጥ፣ መጠየቅ፣ ቅደም ተከተሉን ጠብቆ መልሶ መናገር አንብቦ የመረዳት መሠረቶች ናቸው። በዚህ ባህል ያደገን ሕፃን ምንባቡን ካነበበ በኋላ «ምን ሰማህ?» ብሎ መጠየቅን የሚያውቅ መምህር ግማሹን ሥራ ተሠርቶ ያገኘዋል።

ሥልጠና ከኮሌጅ ምረቃ ጋር የሚያበቃ አለመሆኑን የጎረቤት ሀገር ልምድ ያሳያል። ኬንያ በ2007 ዓ.ም. በሀገር አቀፍ ደረጃ የጀመረችው «ቱሶሜ»፣ በስዋሂሊ «እናንብብ» ማለት ሲሆን፣ ለተማሪዎች መጽሐፍ፣ ለመምህራን ዝርዝር መምሪያ ከማቅረቡም በላይ የአካባቢ የትምህርት ባለሙያዎች በየክፍሉ እየተገኙ ትምህርቱን እንዲከታተሉ፣ ተማሪዎችን እንዲያስነብቡና መምህሩን እንዲያማክሩ አድርጓል። በእኛም ሀገር ለዚህ የሚሆን መዋቅር አለ። የጉድኝት ማዕከላትና ሱፐርቫይዘሮች ተዘርግተዋል፤ ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ መርሐ ግብርም ተቀርጿል። የሚቀረው የሱፐርቫይዘሩ ጉብኝት ከሰነድ ምርመራ ወደ ክፍል ምልከታ መሸጋገሩ ነው። አፋርኛ ማንበብ የማይችል ሱፐርቫይዘር የአፋርኛ ንባብን ትምህርት ሊያግዝ ስለማይችል፣ ሥልጠናው እሱንም ሊያካትት ይገባል።

በወረዳና በክልል ደረጃ ያሉ ኃላፊዎች በዓመታዊ ዕቅዳቸው ውስጥ ሊያካትቷቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ብዙ አይደሉም። በወረዳው ካሉት የ1ኛ እና የ2ኛ ክፍል መምህራን መካከል በአፋርኛ አቀላጥፈው የሚያነቡትና የሚጽፉት ስንት ናቸው? 1ኛ ክፍልን የያዘው ከትምህርት ቤቱ መምህራን የተሻለው ነው ወይስ ትናንት የተመደበው? ዕጩ መምህራን ከመመረቃቸው በፊት በ1ኛ ክፍል ውስጥ ስንት ሰዓት አስተምረዋል? በዓመቱ መጨረሻ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አጭር ምንባብ አንብበው የተረዱት ምን ያህል ናቸው? የእነዚህ መልሶች ከተመዝጋቢ ተማሪዎች ብዛት ጎን በሪፖርት ላይ ሲሰፍሩ፣ በጀትና ምደባ ወደሚገባቸው ቦታ መሄድ ይጀምራሉ።

በ2015 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃን ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል አድርጎ አደራጅቷል። በዚህ እርከን ውስጥ የሚሰጠው የሒሳብም ሆነ የሳይንስ ትምህርት የሚቆመው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በሚገኘው የንባብ ክህሎት ላይ ነው፤ 3ኛ ክፍል ማንበብ ሳይችል የደረሰ ሕፃን ከዚያ በኋላ የሚሰጠው እያንዳንዱ መጽሐፍ የተዘጋ ይሆንበታል። በአፋርኛ የተዘጋጁ መጻሕፍትን አሳትሞ ማሰራጨት አስፈላጊ መሆኑ አያጠያይቅም። መጻሕፍቱ በሎጊያም ሆነ በአዋሽ ሰባት ኪሎ ከመጋዘን ወጥተው ጥቅም የሚሰጡት ግን የሚያነባቸውና ማንበብ የሚያስተምር መምህር በክፍሉ ሲገኝ ነውና፣ የክልሉ ትምህርት ቢሮ፣ የመምህራን ትምህርት ተቋማትና ሰመራ ዩኒቨርሲቲ የመምህራኑን ዝግጅት በጋራ ዕቅድ፣ ተለይቶ በተያዘ በጀትና በየዓመቱ በሚለካ ውጤት ሊመሩት ይገባል።